የኋላ እግርና ዲፈረንሻል ለሚያስቸግራችሁ፦ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ

ደሴም ሆናችሁ ኮምቦልቻ አሮጌ መኪና የምትነዱ፣ በተለይ የኋላ እግሩ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ሳህን) የሆነ ፒክአፕ ያላችሁ፣ ይቺን ጽሁፍ አንብቡልኝ። አንድ መካኒክ ላመሰግንም ልጠቁምም ነው የጻፍኩት። ጋራዣቸው ኮምቦልቻ ነው፣ ወደ ባቲ በሚያወጣው መንገድ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ከልክለውኛል፤ «ያለው ሥራ መች አለቀና ልጄ!» ነው ያሉኝ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መኪናዬ በፈረንጆች የ1980ዎቹ ሃይሉክስ ናት፣ ባለ አንድ ጋቢና። ከወረኢሉ እህል ታመጣለች፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይዛ ወደ ደሴ የሚወስደውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ትወጣለች። ሐረጎን የነዳ ያውቀዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን በዚያች መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል፤ ደካማ የሆነ ዕቃ ሁሉ እዚያ ላይ ይናገራል። የኔዋ ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ከኋላ ታለቅሳለች፣ እግሬን ሳነሳ ዝም ትላለች። ማርሽ ስቀይር ከሥር «ጓ!» የሚል ድምፅ አለ። ቆማ ስትታይ ወደ ቀኝ አዘንብላለች፣ ስትሄድ ደግሞ ኋላዋ ወደ ጎን ወጣ ይላል። የግራው የኋላ ፍሬን ሸራ በዘይት ርሶ አይይዝም። ጭነት ይዞ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ይሄ የመጨረሻው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጋሼ ዘንድ ከመድረሴ በፊት ያሳየኋቸው አንዱ ጋር፣ ዲፈረንሻሉን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን ዕቃ፣ ሳይፈቱት «አልቋል፣ ሙሉውን ከሶማሌ ተራ (ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ሰፈር) አስመጣ» አሉኝ። ሌላው ጋር ፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ቀለበት) በላይ በላዩ ቀየሩልኝ፣ ዘይቱ ግን መፍሰሱን አላቆመም።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቁልፉን ተቀብለው መንዳት ነው። ተመልሰው ሲወርዱ «አብሽር፣ ዲፈረንሻልህ አልሞተም» አሉኝ። ከዚያ ሜትር አውጥተው ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በሁለቱም በኩል ለኩ። በግራ በኩል ይረዝማል። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚይዘው አክስል በግራ በኩል ወደ ኋላ ሸሽቷል ማለት ነው። ሲፈታ የባሌስትራውን ሳህኖች ወግቶ የሚያስረው የመሃል ቡሎን ተቆርጦ ተገኘ። የማዘንበሉ ምክንያትም አብሮ ወጣ፦ ከኔ በፊት የነበረ ባለቤት ይሁን ሌላ ሰው፣ በግራ በኩል ብቻ ከአይሱዙ የመጣ አንድ ወፍራም ሳህን ጨምሮበታል። ጋሼ አወጡትና «ይሄን ለመዶሻ ማንጠፊያ ውሰደው» ብለው ጋቢናው ውስጥ ጣሉልኝ። ሁለቱም ባሌስትራ በእኩል ተመትቶ ቅርጹ ተስተካከለ፣ ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖችም በአዲስ ተቀየሩ።

የዘይቱ ነገር ግን ከሁሉም ገረመኝ። አክስሉ ላይ አንዲት ትንሽ መተንፈሻ አለች፤ ዲፈረንሻሉ ዳገት ላይ ሲግል ውስጡ ያለው አየር የሚወጣባት። የኔዋ በአቧራና በጭቃ ጥርቅም ብላ ተደፍናለች። አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ገፍቶ ወደ ፍሬን ሸራው ያስወጣዋል። አዲስ ፓራኦሊዮ መግጠም ብቻውን ለምን እንዳልሠራ ያኔ ገባኝ። ጋሼ መተንፈሻዋን በናፍጣ አጥበው በኮምፕረሰር ነፏት፣ አለቀ። ፓራኦሊዮውንና ሸራውንም በእርግጥ ቀይረዋል።

ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ሻፍት ከመፈታቱ በፊት አብራቸው የምትሠራው ልጅ፣ ከቴክኒክና ሙያ የወጣች ናት፣ በነጭ ቀለም መጋጠሚያውን ሁሉ ምልክት አደረገችበት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ሻፍቱ ሁለት ቁራጭ ስለሆነ ሲመለስ ጫፎቹ በነበሩበት አቅጣጫ ካልገጠሙ በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል አለችኝ። ክሮቼራዎቹን (የሻፍቱን መጋጠሚያ መስቀሎች) ስታወጣ በቆቡ ውስጥ ያሉት መርፌዎች ቀይ ዱቄት ሆነዋል። ያ «ጓ!» የሚለው እሱ ነበር። መሃል ላይ ሻፍቱን ተሸክሞ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ኩሽኔታም ጎማው ተቀዷል።

ዲፈረንሻሉ ሲከፈት ኮሮናና ፒኞኑ (ትልቁና ትንሹ ባለጥርስ) ጥርሳቸው ደህና ነው። ያለቀው የፒኞኑ ኩሽኔታ ነው፣ ለቅሶውም የሱ። ጋሼ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጣት እያስዳሰሱኝ «ይሄን ጥለህ ከየት የመጣ እንደሆነ የማታውቀውን ልትገዛ ነበር» አሉኝ። ኩሽኔታዎቹ ተቀየሩ፣ ከፒኞኑ ጋር የምትገባው የምትጨመቅ ቀለበትም እንዲሁ፤ እሷ አንዴ ከተጨመቀች ዳግም አትገጠምም። ቀጥሎ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚፈልግ ነው። በኮሮናውና በፒኞኑ ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ልጅቷም በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ እየለካች ታስተካክላለች። ከዚያ ጥርሶቹን ቀለም ቀብታ በእጇ አዞረችው። ቀለሙ ከጥርሱ መሃል ላይ ሲለቅ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጀመሪያው ሙከራ ወደ ጫፍ ስላደላ ግን መልሰው አስፈትተዋታል። ሻይ እየጠጣሁ ስጠብቅ የነበርኩ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ በውስጤ «አሁንስ በዛ» ብያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌላ ጋራዥ ብትሄዱም ይጠቅማችኋል። የባሌስትራው ጎሚኒዎች (መጋጠሚያው ውስጥ የሚገቡት ጎማዎች) ሲገቡ ቡሎኖቹ መኪናው ተሰቅሎ ሳለ ሙሉ በሙሉ አይጠብቁም። ጋሼ መኪናውን መሬት አውርደው፣ ክብደቷ እግሯ ላይ ካረፈ በኋላ ነው ከሥር ገብተው ያጠበቋቸው። ተሰቅሎ ከጠበቀ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ዕቃ የምትገዙት ራሳችሁ ናችሁ፣ እሳቸው ናሙናውን ሰጥተው ይልካሉ። ያመጣሁትን አንድ ኩሽኔታ ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም ቢኖረውም ጆሯቸው ሥር አዙረው ሰሙትና «መልሰው» አሉኝ። ባለሱቁ ያለ ክርክር ስለቀየረልኝ እሱንም አመሰግናለሁ። የተፈታው አሮጌ ዕቃ በሙሉ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ይሰጣችኋል። የእጅ ዋጋቸው ለሁሉም ሥራ ተደምሮ፣ ሌላ ቦታ ዲፈረንሻል ለመቀየር ብቻ ከተጠየቅሁት ያንሳል።

ጉድለታቸውን ልደብቅ አልፈልግም። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፣ የሚቸኩል ሰው አይሂድ። ስልክ አያነሱም። አርብ ከጁምዓ በፊት መኪና አይቀበሉም። «ቶሎ ቶሎ በሉ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ቁልፉን መልሰው ሲሰጡት በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ሐረጎን ጭኜ ስወጣ የምሰማው ሞተሩን ብቻ ነው፣ ፍሬኑም በአራቱም ይይዛል። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄድኩ በኋላ የዩ ቡሎኖቹን ደግመው ሊያጠብቁልኝ ስመለስ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ጋሼ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። አንቺም እህቴ፣ ያንን መለኪያ ይዘሽ ስትሠሪ ያየ ሁሉ ይመሰክርልሻል።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን በትክክል እነግራችኋለሁ። ጠዋት በጊዜ ድረሱ፣ ከመሄዳችሁ በፊትም የመኪናውን ሥር አጥቡት። ጭቃ የተሸከመ መኪና ሥር ልጅቷን አያስገቧትም።