ለሱቅ ሶፍትዌር የተዘጋጀ የአማርኛ መመሪያ፦ ርእሱ ያማረ፣ ነጥቡ የተበላሸ

በደሴና በኮምቦልቻ ሱቆች ለሚሠራበት አንድ የዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የተዘጋጀው የአማርኛ መመሪያ በርእስ አሰጣጡ ሊመሰገን ይገባል። «ዕቃ ማስገባት»፣ «ደረሰኝ መቁረጥ»፣ «ሒሳብ መዝጋት» እያለ ሁሉንም በአንድ መልክ ይጠራል፤ ርእስ መጨረሻ ላይም አራት ነጥብ አያደርግም።

ሥርዓተ ነጥቡ ግን ያሳዝናል። አራት ነጥብ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትንና ምልክቶችን በቁጥር በሚለይበት ሥርዓት) 1362 የሚባል የራሱ ምልክት አለው። እዚህ ግን ሁለት ነጥብ ሁለቴ ተደርድሮ «፡፡» ተብሏል፤ አልፎ አልፎም የላቲኑ «::» ገብቷል። በዓይን ብዙም አይለይም፤ «።» ብሎ ለሚፈልግ ግን ኮምፒውተሩ ምንም አያገኝም። ከፊቱ ክፍት ቦታ ስለተተወም ምልክቱ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መሥመር ይወርዳል።

ማረሚያው ቀላል ነው፦ ማይክሮሶፍት ወርድ በተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ኮንትሮልና ኤች (Ctrl+H) ተጭኖ መጀመሪያ «፡፡»ን፣ ቀጥሎ «::»ን በ«።» መተካት። ሁለተኛውን አንድ በአንድ እያዩ ይተኩ፤ የኮድ ምሳሌ ውስጥ ያለው «::» መነካት የለበትም።

ከሁሉ የሚከፋው የይለፍ ቃሉ ነው። ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ከአራት ነጥብ ጋር ተጣብቆ ስለተጻፈ ገልብጦ የሚለጥፍ ሰው ነጥቡንም አብሮ ያስገባና «የተሳሳተ ቃል» ይባላል። እንዲህ ያለው ነገር ያለ ምንም ነጥብ በራሱ መሥመር ላይ ይቀመጥ።