ስኮት ወይስ ካሜሮን? የ«ኤሊየን» ሁለት ዳይሬክተሮች

ባሕር ዳር፣ ጓደኛዬ ቤት፣ በሁለት ተከታታይ ምሽቶች ሁለቱንም ፊልሞች አየናቸው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን የሪድሊ ስኮትን። ሰባት ሠራተኞች፣ አንዲት የጠፈር መርከብ፣ አንድ አውሬ። ስኮት አውሬውን ሙሉ አካሉን የሚያሳየን ከስንት አንዴ ነው። ጨለማ መተላለፊያ፣ የሚንጠባጠብ ውኃ፣ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፤ ሌላውን ለእኛ ይተወዋል። ማታ በጣና ዳር የሄደ ሰው ይህን ፍርሃት ያውቀዋል፦ ፊት ለፊት ከሚታየው ጉማሬ ይልቅ ደንገሉ ውስጥ ድምፁ ብቻ የሚሰማው ያስደነግጣል።

ጄምስ ካሜሮን በ1986 ሲረከብ አውሬውን አበዛው፣ ወታደርና ጠመንጃ ጨመረ። ፍጥነቱ ትንፋሽ አይሰጥም። ከሁሉ የምወድለት ግን ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ሪፕሊን ከወላጅ አልባዋ ሕፃን ከኒውት ጋር ማገናኘቱን ነው። ሪፕሊ ለልጅቷ ብላ ከአውሬዎቹ ንግሥት ጋር ስትጋፈጥ ጓደኛዬ «እናት ማለት ይቺ ናት!» ብሎ ብድግ አለ። ሪፕሊን ሆና የተወነችው ሲጎርኒ ዊቨርም በዚሁ ሚና ለኦስካር ታጭታለች።

እሱ ካሜሮንን መረጠ፤ እኔ ስኮትን፣ ያውም የ1979ኙን ስኮት። በ2012 ወደ ተከታታዩ ሲመለስ ስለ አውሬው አመጣጥ ብዙ ሊያብራራልን ሞከረ፤ እኔን ያስፈራኝ የነበረው ግን ያልተነገረኝ ነው።