ለመሃል አዲስ አበባ የትኛው የብስክሌት ቁልፍ? ገመድ፣ ዩ ቅርጽ እና ሰንሰለት ሲነጻጸሩ

የኮሪደር ልማቱ ለመሃል ከተማው የብስክሌት መንገድ ሰጥቶታል፤ ብስክሌት የሚታሰርበት ብረት ግን በየሕንጻው ደጅ አይገኝም። ስለዚህ ፒያሳም ሆነ ሜክሲኮ ጉዳይ ያለው ሰው የሚያስረው ከመብራት ምሰሶ፣ ከአጥር ወይም ከመስኮት ፍርግርግ ጋር ነው። ቁልፍ ሲመርጡ መጀመሪያ ሊያስቡት የሚገባው ይህንን ነው፤ ሻጩ አያነሳልዎትም።

በየሱቁ ቀድሞ የሚቀርብልዎት ገመዱ ነው። ቀላል፣ ረጅምና ርካሽ ነው። ሲያዩት አውራ ጣት ያክላል፤ አብዛኛው ውፍረት ግን ፕላስቲክ ነው። ሽፋኑን ቢልጡት የተገመዱ ቀጫጭን ሽቦዎች ያገኛሉ። እነሱም ጥቂት በጥቂት ስለሚበጠሱ ከኪስ የምትወጣ ትንሽ መቁረጫ ትበቃቸዋለች። በቁጥር የሚከፈተው ደግሞ ይብሳል። ባለ አራት አሃዙ 10,000 አማራጭ አለው ይባልለታል፤ ነገር ግን ርካሹን ዓይነት ገመዱን ወጥሮ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ የሚያዞር ሰው የትኛው ላይ እንደሚይዝ በጣቱ ይለየዋል። ገመድ የፊት ጎማን ለማሰር ረዳት ይሁን። ብቻውን የሚበቃው ዓይንዎ ሥር አቁመው ማኪያቶ ለሚጠጡበት ጊዜ ነው።

ዩ ቅርጽ ያለው ቁልፍ ከክብደቱ አንጻር ጥንካሬው ወደር የለውም። ዘንጉ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነና ብረቱ በሙቀት የጠነከረ ከሆነ በእጅ መቁረጫ አይደፈርም። ጠበብ ያለውን ይምረጡ፤ በሰፊው ክፍተት ክሪክ አስገብቶ መፈልቀቅ ይቻላል። የቁልፉ ቀዳዳ ክብ ከሆነ ግን ይለፉት። እንዲህ ዓይነቱ ቁልፍ በፕላስቲክ እስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈት በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ታውቆ፣ ስመ ጥሩው የቁልፍ አምራች ክሪፕቶናይት ሳይቀር ለደንበኞቹ ቁልፍ ለመቀየር ተገዷል። ለእኛ ዋናው ችግር ሌላ ነው፦ ወፍራም የመብራት ምሰሶን አያቅፍም። በየቀኑ የሚያስሩበት ቀጭን የብረት አጥር ካለዎት ይግዙት፤ ከሌለዎት ቁልፉን ይዘው ማሰሪያ ፍለጋ ሲዞሩ ይውላሉ።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ሰንሰለት ነው፤ ምሰሶውንም ፍርግርጉንም ያቅፋል። ችግሩ ሰንሰለት ሁሉ ሰንሰለት አለመሆኑ ነው። መርካቶ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው አብዛኛው ለስላሳ ብረት ነው፤ ወፍራም ቢሆንም ፌሮ መቁረጫ ይበላዋል። ሻጩን አስፈቅደው አንዱን ቀለበት በሞረድ ይፈትሹት። ሞረዱ ነክሶ የሚያበራ ጭረት ከተወ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ከተንሸራተተ የጠነከረ ነው። ውፍረቱ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቀለበቱ ክብ ሳይሆን ባለ ማዕዘን ቢሆን ደግሞ መቁረጫ አጥብቆ ለመያዝ ያስቸግረዋል። ጓጉንቸሩንም አይርሱ። ሰንሰለቱ ወፍራም ሆኖ የጓጉንቸሩ ማጠፊያ፣ ማለትም በሰንሰለቱ ቀለበት የሚገባው ቅስት ብረት፣ ቀጭን ከሆነ ሌባው ከሰንሰለቱ ጋር ምን ያታግለዋል? ማጠፊያው ከአካሉ እምብዛም የማይወጣውን ይፈልጉ።

ክብደቱ እውነት ነው፤ ደህና ሰንሰለት ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ዳገት ላይ ይሰማል። ማሰሪያዎ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ ግን እዚያው ቆልፈው ይተዉት።

ሲነካ የሚጮኸው ባለ ደወል ቁልፍ ሰው ዘወር እንዲል ያደርግ ይሆናል፤ መንገደኛ ሲገፋውም ስለሚጮኽ ግን ጥበቃው በሦስተኛው ቀን መስማቱን ያቆማል። ባለ ሲም ካርድ ጂፒኤስ ስርቆትን አይከለክልም፤ ብስክሌቱ ወዴት እንደሄደ ይነግራል፣ ያውም ባትሪው ካላለቀ። ሁለቱንም ደህና ቁልፍ ሳይኖር አልገዛም።

የትኛውንም ቢገዙ አስተሳሰሩ ይወስናል። ቁልፉ ፍሬሙንና የኋላውን ጎማ አንድ ላይ ይያዝ። የፊት ጎማው ያለ መፍቻ በእጅ የሚፈታ ከሆነ ብቻውን አስረው የሄዱት ጎማ ብቻውን ይጠብቅዎታል። ሰንሰለቱ መሬት ላይ አይረፍ፤ መዶሻ የሚመታውም፣ መቁረጫ ተደግፎ ጉልበት የሚያገኘውም እዚያ ነው። የቁልፉን ቀዳዳ ወደ ታች ያዙሩት፤ ወደ ላይ ከሆነ በክረምት ውኃ እየገባ ያዝገዋል። በግራይንደር የመጣን ሌባ ግን ከእነዚህ አንዱም አያቆመውም፤ ስለዚህ ማታ ብስክሌቱ ቤት ይግባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቢኖሩም እንኳ። አብዛኛውን ጊዜ ፔዳሉ ከሚታሰርበት ቦታ ሥር የሚቀረጸውን የብስክሌቱን መለያ ቁጥርም ዛሬውኑ ፎቶ ያንሱት፤ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ ብስክሌቱ የእርስዎ መሆኑን የሚያሳዩበት እሱ ነው።