«ቦርዱ ሞቷል» ሲሏችሁ አትክፈሉ፦ የድሮ ፒንቦል ማሽን ላላችሁ ሁሉ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ የድሮ ፒንቦል ማሽን (ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት የጨዋታ ማሽን) ገዝታችሁ በቤታችሁ ወይም በቡና ቤታችሁ ያስቀመጣችሁ ወገኖች፣ ጠጋኝ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። አንዴ የሚሠራ አንዴ የሚከዳ ስዊች (ኳሷ ስትነካው ነጥብ የሚያስቆጥር መገናኛ) ለማስጠገን 780 ዶላር ከፍያለሁ። ብልሽቱ የአንዲት ሽቦ መበጠስ ነበር። ከገንዘቡ በላይ የሚቆጨኝ ግን ማሽኑ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ቦርድ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ፣ ከእጄ መውጣቱ ነው።

ማሽኑ ባሊ የተባለው ኩባንያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ያወጣው ኤይት ቦል ነው። ከ20 ሺህ በላይ ስለተመረተ ዛሬም ድረስ ገበያ ላይ ይገኛል። የገዛሁት ለልጆቼ ነበር፤ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ እነሱ ምድር ቤት ወርደው ይጫወታሉ። ሁለት ወር ያህል ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ ኳሷ በሦስት ቦታዎች ላይ ስታልፍ ነጥብ መቁጠር ተወ። ሁልጊዜም አይደለም። ጠዋት ይቆጥራል፣ ማታ ይተዋል። ጨዋታው ሲሟሟቅ ይብስበታል፤ አጥፍተን ትንሽ ቆይተን ስናበራው ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይሠራል።

በሰው ጥቆማ ያገኘሁት ጠጋኝ መጣ። የኋላውን ሳጥን ብቻ ከፍቶ ዐሥር ደቂቃ ያህል ተመለከተና «ሦስት ስዊች በአንድ ጊዜ ከከዳ ጥፋቱ የስዊች አይደለም፤ ቦርዱ ሞቷል» አለኝ። በልበ ሙሉነት ስለተናገረ አመንሁት። ምትክ ቦርድ አስገባ። ከዚያም ኳሷ የምትሮጥበትን ሜዳ አንሥቶ ስዊቾቹን «ላጽዳልህ» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጋቸው። አሮጌውን ቦርድ «ከእንግዲህ አይረባም፣ እኔ እጥልልሃለሁ» ብሎ ይዞት ሄደ። ደረሰኙ ላይ ያለው «የቦርድ ጥገና» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ነው። ማሽኑ ሦስት ሳምንት ሠራ፤ በአራተኛው እነዚያው ሦስት ስዊቾች እንደገና ከዱ።

ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ስለሆነ አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን የነበሩት የባሊ ኤሌክትሮኒክ ማሽኖች እያንዳንዱን ስዊች በራሱ ሽቦ ከቦርዱ ጋር አያገናኙም። አምስት የመላኪያና ስምንት የመመለሻ መስመሮች አሏቸው፤ በእነዚህ እስከ 40 ስዊቾች ያስተናግዳሉ። ቦርዱ በመላኪያዎቹ ላይ ተራ በተራ እጅግ በፍጥነት ምልክት ይለቃል፤ ምልክቱ በየትኛው መመለሻ እንደመጣ አይቶ ኳሷ የት እንደነካች ያውቃል። ሽቦው ከአንዱ ስዊች ወደሚቀጥለው እንደ መቁጠሪያ ክር እየተያያዘ ይሄዳል። ክሩ መሐል ላይ ሲበጠስ ከመበጠሻው ወዲያ ያሉት ስዊቾች አብረው ይጠፋሉ፤ ወዲህ ያሉት ይሠራሉ። የእኔ ማሽን ሲነግረን የከረመው ይህንኑ ነበር። በዚያው መስመር ላይ ከሦስቱ የሚቀድሙት ስዊቾች አንድ ቀን እንኳ አልከዱም። ቦርዱ ምልክት መላክ አቁሞ ቢሆን ኖሮ እነሱም ዝም ይሉ ነበር። የስዊቾቹን ሠንጠረዥ ከማሽኑ መመሪያ ላይ ለማየት ሁለት ደቂቃ የወሰደ ጠጋኝ ይህን ሊስተው አይችልም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲከዳ ራሴ ገባሁበት። ማሽኑን ከሶኬት ነቅዬ፣ ሜዳውን አንሥቼ፣ መልቲሜትሩን ግንኙነት ሲያገኝ በሚጮኸው መለኪያ ላይ አድርጌ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በእንጨት ማንኪያ እጀታ ነካካሁ። አንዷ ላይ ስደርስ ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። የውስጡ መዳብ ብየዳው ሥር ተበጥሶ ልባሱ ብቻ ይዞታል። አጠገቡ ያለው ባምፐር (ኳሷን መትቶ የሚያስፈነጥረው ክፍል) ኳስ በመታ ቁጥር ሜዳው ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ የተበጠሱት ጫፎች ይለያያሉ። ሰውየው ሜዳውን ሲያነሣና ሲያወርድ ጫፎቹ ለጊዜው ተነካክተው ኖሯል፤ ሦስት ሳምንት የሠራው በቦርዱ አልነበረም። መበየዱ አምስት ደቂቃ ወሰደ።

ቦርዱን ራሱን መጠየቅም ይቻላል። ማሽኑ ሲበራ በቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራት ተመልከቱ። መጀመሪያ ፈጠን ብላ ብልጭ ትላለች፤ ከዚያ ሰባት ጊዜ ትበራለች፤ እያንዳንዷ አንድ ፍተሻ መታለፉን ታመለክታለች። ሰባቱን ከቆጠራችሁ «ሞቷል» የሚለው ቃል ሐሰት ነው። የስዊቾቹን መግቢያ ለብቻው ለማጣራት ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ጄ2 የሚባለው ማገናኛ ይነቀላል። ከዚያ ማሽኑ በርቶ በራሱ የስዊች ፍተሻ ላይ ሳለ፣ መሐሉ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ባለበት አጭር ሽቦ የመላኪያና የመመለሻ እግሮቹን ቦርዱ ላይ ማገናኘት ነው። ቁጥሩ በማሳያው ላይ ከወጣ ብልሽቱ ከማገናኛው ወዲያ፣ ሜዳው ላይ ነው። ይህን እናንተ እንድትሠሩት አልመክርም፤ ለነጥብ ማሳያዎቹ የሚሄደው 190 ቮልት በዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ጠጋኙ ግን በፊታችሁ እንዲያደርገው መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አንዱ ስዊች ሲነካ ሌላው የሚቆጥር ከሆነ ዳዮድ ሳይበላሽ አይቀርም። ማንም ሳይነካው ተነክቶ እንደቀረ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ባሊ በአንዳንድ ስዊቾች ላይ ያስገባውን ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) አስፈትሹ። ሁለቱም በሳንቲም የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው።

ስለ ብርጭቆ ወረቀቱም ዝም ማለት አልችልም። የእነዚህ ስዊቾች መነካኪያ በስሱ ወርቅ የተቀባ ነው፤ የሚያልፍበት የኤሌክትሪክ ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ የወርቁ ንጽሕና ወሳኝ ነው። ፈትጋችሁ ስታነሡት ለጊዜው ይሠራል፤ ከዚያ ሥሩ ያለው ብረት ይዝጋል፤ ያልነበረ አዲስ ብልሽት ይፈጠራል። ንጹሕ ደረቅ ካርድ በሁለቱ ምላሶች መካከል አስገብቶ፣ ጫን አድርጎ መሳብ በቂ ነው። ሞረድ የሚነካው ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍባቸውን፣ እንደ ፍሊፐር (ተጫዋቹ ኳሷን የሚመታባቸው ክንፎች) ያሉትን ብቻ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የሚመጣውን ጠጋኝ ከበር መልሱት።

ቦርድ አይበላሽም ማለቴ አይደለም። በእነዚህ ማሽኖች ቦርድ ላይ የተበየደው ባትሪ ሲያረጅ ያፈሳል፤ ፈሳሹም መዳቡን ይበላል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካሳያችሁ ሊታመን ይችላል። ካላሳያችሁ ግን የትኛው መስመር እንደከዳና በምን እንዳረጋገጠ ጽፎ ይስጣችሁ። ብልሽቱ በ60 ቀን ውስጥ ቢመለስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚመጣም ደረሰኙ ላይ ያስፍር። የነቀለውን ዕቃ በሙሉ እናንተ ጋ ያስቀምጥ።

ሽቦውን ካገኘሁ በኋላ ደውዬ ቦርዴን እንዲመልስልኝ ጠየቅሁት፤ «ጥዬዋለሁ» አለኝ። ከአንድ ወር በኋላ እዚሁ አካባቢ «ተፈትኖ የሚሠራ» ተብሎ ለሽያጭ ቀርቦ አየሁት። የቀድሞው ባለቤት ጥግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈው ቁጥር ስላለበት ለየሁት። የእኔ መሆኑን የማስረዳበት ማስረጃ ግን አልነበረኝም። ስለዚህ ጠጋኙ ሳጥኑን ከፍቶ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቦርዱን ፊትና ጀርባ፣ በላዩ ያለውን ቁጥርና ምልክት ሁሉ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ሰውየው እያያችሁ አንሡ።