ጣፎ አካባቢ ያለ የመኪና ኤሌክትሪክ ጋራዥ
የቪትዝ መኪናዬ መሪ በድንገት ከብዶ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ሲበራ፣ መጀመሪያ ያየው ሌላ ጋራዥ መሪውን የሚያቀለው የኤሌክትሪክ ሞተር በሙሉ መቀየር እንዳለበት ነግሮኝ ነበር። የጣፎው ባለሙያ ግን አንድም ቡሎን ሳይፈቱ መኪናው እየሠራ ባትሪውን ለክተው 14.1 ቮልት በማግኘታቸው ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደህና መሆኑን አረጋገጡ። የኤሌክትሪክ መሪ ብዙ ከረንት የሚስበው መኪናው ቆሞ ሲጠመዘዝ ስለሆነ፣ እኔ መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞርኩ እሳቸው በባትሪው ኔጌቲቭና በቦዲው (በመኪናው የብረት አካል) መካከል ሲለኩ፣ ከ0.2 ቮልት መብለጥ ያልነበረበት ልዩነት ከ1 ቮልት በላይ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ ኔጌቲቩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ዝገት የበላው ማሰሪያ ነበር፤ ተፍቆ ሲጠብቅ መሪው ቀለለ። ወረፋው ግን ያሰለቻል፤ ደረሰኝም የተሰጠኝ ጠይቄ ነው።