ደረሰኝ የሚያነበው የሒሳብ ሶፍትዌር በባለሙያ ዓይን

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታገዘው ይህ የሒሳብ ሶፍትዌር ዋነኛ ብርታቱ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ነው። የባንኩን መግለጫ ከጥሬ ገንዘብ መዝገቡ ጋር አመሳክሮ ለባንክ ያልቀረቡ ቼኮችን ለይቶ ስለሚያወጣ፣ የወር መጨረሻን ይፈጅ የነበረው አድካሚ ሥራ አሁን ወደ ማጣራት ብቻ ወርዷል። ደረሰኝ በፎቶ ተቀብሎ ቀኑን፣ የሻጩን ስምና የታክሱን መጠን መመዝገቡም ያስመሰግነዋል።

ችግሩ የሚጀምረው የባለሙያ ውሳኔ ሲያስፈልግ ነው። የአንድ ተሽከርካሪ ሞተር የተቀየረበትን ደረሰኝ፣ «ጥገና» የሚለውን ቃል ብቻ ተከትሎ በወጪነት መዘገበው፤ አዲሱ ሞተር ግን የተሽከርካሪውን የአገልግሎት ዘመን ስለሚያራዝም በቋሚ ንብረትነት ተይዞ የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም ዋጋውን በአገልግሎት ዘመኑ ላይ የሚያከፋፍል ስሌት፣ ሊሰላለት ይገባ ነበር። ይበልጥ የሚያሳስበው፣ የምዝገባው ሁለት ጎኖች፣ ዴቢትና ክሬዲቱ፣ እኩል በመሆናቸው የሙከራ ሚዛኑ (የሁለቱ ጎኖች ድምር እኩል መሆኑ የሚፈተሽበት ዝርዝር) እንዲህ ያለውን ስሕተት ፈጽሞ የማያሳይ መሆኑ ነው። ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ልዩነት የሚለምዱት ደረሰኞችን ራሳቸው እየመዘገቡ ስለሆነ፣ ሥራውን በሙሉ ለሶፍትዌሩ የሚተዉ ድርጅቶች ነገ ስሕተቱን የሚያይላቸው ሰው እንዳያጡ ከልብ እሰጋለሁ። ግዢውን የምመክረው እያንዳንዱን ምዝገባ ከመጽደቁ በፊት የሚመረምር ልምድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ላለው ቢሮ ነው።