አቢስኮ በበረዶ ወቅት፦ የሴቶች ብቻ ጉዞው ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

አንድ የጉዞ ድርጅት ወደ አቢስኮ በሚያዘጋጀው የሴቶች ብቻ የበረዶ ጉዞ ሄጄ መጥቻለሁና መልሱን ቀድሜ ልናገር። ያወጣል። ግን ማስታወቂያው ላይ በምታዩት ምክንያት አይደለም። ማስታወቂያው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሰማይ ነው። የምትሄዱት ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን የሰሜኑን ብርሃን ብቻ ለማየት ከሆነ ይሄን ያህል ገንዘብ አታውጡ፤ የባቡር ትኬት ቆርጣችሁ፣ አንድ አልጋ ይዛችሁ ራሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። እኔ ይሄን ጉዞ የምመክረው ቀን ቀን ለምትማሩት ነገር ነው። በውሾች የሚጎተት የበረዶ ጋሪ መንዳት፣ ጥልቅ በረዶ ላይ መራመድ፣ ሐይቅ ላይ ቀዳዳ ቆፍሮ ዓሣ ማጥመድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ ብርድ ሳይጎዱ ውጭ ውሎ መግባት።

የምኖረው ስቶክሆልም ነው። እዚህ ያለን ሐበሾች ስለ በረዶ ወቅት ስናወራ ብዙ ጊዜ ወሬው መቼ ያልቃል የሚል ነው። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ፣ ቅዳሜና እሁድ መጋረጃ ዘግቶ ቡና ማፍላት። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው በተለይ ሰሜን አውሮፓ እየኖራችሁ "ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" ብላችሁ ለተዋችሁት እህቶቼ ነው።

አቢስኮ ስዊድን ሰሜን ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ከአርክቲክ ክበብ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ትገኛለች። ከስቶክሆልም ማታ ባቡር ላይ ወጥታችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ኪሩና የምትባለውን ከተማ አልፋችሁ በማግስቱ እኩለ ቀን አካባቢ ትደርሳላችሁ። ከጎኗ ቶርኔትሬስክ የሚባለው ሐይቅ አለ፤ ርዝመቱ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያ ሁሉ ውሃ በረዶ ሆኖ ሰው ላዩ ላይ ይሄድበታል። ከኋላ ደግሞ በ1909 የተከለለው ብሔራዊ ፓርክ ነው። በስተምዕራብ ያሉት ተራሮች ከባሕሩ የሚመጣውን እርጥበት ስለሚያስቀሩት አካባቢው ከስዊድን በጣም ደረቅ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚወርደው ዝናብና በረዶ ቢደመር 300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ሌላው ቦታ ደመና ሲሆን እዚያ ሰማዩ የሚከፈተው።

የጉዞው ልብ ውሾቹ ናቸው። ትልልቅ፣ ጸጉራም፣ ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ውሾች እንዳትጠብቁ። አብዛኞቹ አላስካን ሃስኪ የሚባሉት ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ለመልክ ሳይሆን ለሩጫ የተዳቀሉ። ጎማ የሌለው፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተተው ጋሪ ላይ ታስረው መነሻውን ሲጠብቁ ጩኸታቸው ጆሮ ያደነቁራል፤ ይዘላሉ፣ ገመዱን ይነክሳሉ፣ ወደፊት ይወረወራሉ። ጋሪውን የያዘው መንጠቆ ከበረዶው ተነቅሎ መሮጥ ሲጀምሩ ግን ሁሉም በአንዴ ጸጥ ይላሉ።

ብዙ ቦታ እንግዳውን ጋሪ ላይ አስቀምጠው፣ ብርድ ልብስ አልብሰው ሌላ ሰው ነው የሚነዳው። እዚህ ግን እያንዳንዳችን የራሳችንን ጋሪ ቆመን ነዳን። ሕጉ ጥቂት ነው። መያዣውን በምንም ምክንያት አትልቀቁ፤ ብትወድቁም እንኳ አትልቀቁ፣ ውሾቹ ቆመው አይጠብቋችሁምና። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን በእግር መጫን ነው፤ አለበለዚያ ጋሪው የኋላዎቹን ውሾች ይመታቸዋል። ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት። ስንፍና ካለ ውሾቹ ዞር ብለው ያዩአችኋል፣ እውነቴን ነው። ከፊት የሚታሰሩት መንገድ የሚመሩት ናቸው፤ ከጋሪው አጠገብ ያሉት ደግሞ ጉልበታሞቹ። ጠዋት መታጠቂያቸውን ያለበስናቸው እኛ ነን፤ ሲጨርሱም ሥጋ የተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ ያጠጣናቸው እኛ ነን። በልጅነቱ ውሻ ከበር እንዳያልፍ ሲባል ለሰማ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ከዮተቦሪ ከተማ የመጣች ሌላ ሐበሻ መጀመሪያ ላይ አጠገባቸው መቆም ፈርታ ነበር፤ በኋላ ግን የመሪዋን ውሻ እግር ይዛ የበረዶ ካልሲ ስታለብሳት አየኋት፤ ደስ አለኝ።

አሁን ማንም የማይጽፈውን ልጻፍ። ሽንት ቤት። ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ፣ ሙሉ ቱታ ለብሳችሁ፣ ዛፍ በሌለበት ሐይቅ ላይ ምን ታደርጋላችሁ? ሴቶች ወንዶች በተቀላቀሉበት ቡድን ውስጥ የሚያደርጉት ይታወቃል፤ ውሃ አይጠጡም። ውሃ ያልጠጣ ሰው ደግሞ ቶሎ ይደክማል፣ ብርዱንም አይችልም። ጋይዷ በመጀመሪያው ምሽት ይሄን ፊት ለፊት አነሳችው። ቱታውን እንዴት እንደምንከፍት፣ ከነፋሱ ወዴት ዞረን እንደምንቀመጥ፣ እርስ በርስ እንዴት እንደምንከልል አሳየችን፤ የወር አበባ ላይ ላለች ደግሞ እርጥብ መጥረጊያው እንዳይደርቅ፣ ማለት በረዶ እንዳይሆን፣ ከውስጥ ልብስ ኪስ ውስጥ መያዝ እንዳለበት፣ ቆሻሻውም በከረጢት ተይዞ እንደሚመለስ ነገረችን። ማንም አላፈረም። በየዕረፍቱ ቴርሞሱ ይወጣል፣ ሁላችንም እንጠጣለን። የሴቶች ብቻ ጉዞ ጥቅሙ ምንድነው ለምትሉኝ መልሴ ይሄ ነው።

ሳውናውም እንደዚሁ ነው። በእንጨት የሚነድ ሳውና፣ ማለት በጣም የሚሞቅ የላብ ክፍል፣ ሐይቁ ዳር አለ፤ ሞቆ ሞቆ ወጥቶ በረዶው ውስጥ ወደተከፈተው ውሃ መግባት። እኔ ከወንዶች ጋር ቢሆን አልሞክረውም ነበር። ኮፍያችሁን አታውልቁ፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ትንፋሻችሁን ተቆጣጠሩ። የደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለባት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ይቅርባት።

ስለ ፀጉር ጠይቃችሁኛልና። ሹሩባ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ዶቃና ብረት የሌለበት ይሁን። ብረት ብርዱን ቀጥታ ወደ ቆዳ ያስገባል፤ ጉትቻም፣ የአፍንጫ ጌጥም፣ ቀለበትም ቤት ይቀመጥ። ከሱፍ ኮፍያው ሥር ለስላሳ የሳቲን ሻሽ አድርጉ። ፀጉራችሁን ማታ ታጥባችሁ በደንብ ሳይደርቅ አትውጡ፤ በረዶ ይሆናል። ለፊት ደግሞ ቅባትነቱ ከውሃው የበዛ ነገር፤ ቫዝሊን ወይም ሺአ ቅቤ። ልብስ ላይ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፣ ጥጥ አትልበሱ። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ላብ ሲቀዘቅዝ እናንተም ትቀዘቅዛላችሁ። ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ሌላ ሱፍ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባው። ካልሲ ሁለት ደርቦ ጫማው ውስጥ መጨናነቅ ደግሞ እግርን ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም።

እዚህ ላይ ቅሬታዬን ላንሳ። የጉዞው ዋጋ ውስጥ ቱታና ቦት ጫማ አለ ይላሉ፣ እውነትም አለ፤ ግን አብዛኛው ጫማ በወንድ ቁጥር የተሠራ ነው። ቁጥሬን ከወር በፊት በጽሑፍ ልኬ ነበር። ስደርስ ትልቅ ሰጡኝ፤ በሰፊ ጫማ ውስጥ እግር እየተንሸራተተ የበረዶ መራመጃ አስሮ ዳገት መውጣት ያደክማል። በማግስቱ ልኬን አገኙልኝ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ቢሆንም ለሴቶች ብቻ ብሎ ጉዞ የሚሸጥ ድርጅት የሴት ጫማ መጋዘኑ ውስጥ ሊጎድለው አይገባም። ሌላው ስኖሞቢል፣ በረዶ ላይ የሚነዳው ሞተር፣ ነው። ፕሮግራሙ ላይ ነበር፣ በነፋስ ምክንያት ተሰረዘ፣ በምትኩ ኪሩና አጠገብ ዩካስያርቪ ያለውን ከበረዶ የተሠራውን ሆቴል አስጎበኙን። ከቶርኔ ወንዝ በረዶ በየዓመቱ የሚሠሩት ነው፤ ያምራል፣ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። የመሰረዙ ምክንያት ገብቶኛል፤ የዋጋ ልዩነቱን ሳንጠይቅ ቢመልሱልን ግን መልካም ነበር።

ምግብ። የሄድኩት ዐቢይ ጾም ላይ ነው። ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የሌለበት ብዬ ዘርዝሬ ጽፌ ነበር። ቁርስና እራት ላይ አላሳፈሩኝም፤ የምስር ሾርባው፣ ሥራ ሥሩ፣ ከጫካ የሚለቀመው ሊንጎን የሚባል ቀይ ፍሬ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ምሳ ግን ደካማ ነበር። ውጭ ውሎ ውሻ ለነዳ ሰው ዳቦና ካሮት አይበቃም፤ ሌሎቹ ሥጋ ሲበሉ እኔ የያዝኩትን በሶና ኦቾሎኒ ነው የበላሁት። በሶ በሙቅ ውሃ ከቴርሞስ፣ በስኳር፤ እዚያ ብርድ ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ፈረንጆቹም ቀምሰው ወደዱት። ለማይጾሙ ደግሞ ሬንዲር የሚባለው የሰሜኑ አገር አጋዘን ሥጋ አለ። ይበላል ወይ ላላችሁኝ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳልም። ሐይቁ ላይ ያጠመድኩትን ዓሣ ለሌሎቹ ሰጠሁ። ቀዳዳውን በእጅ መቆፈሪያ ነው የምትቆፍሩት፤ በረዶው በጣም ወፍራም ስለሆነ ውሃው ሳይመጣ ክንድ ይዝላል።

አንድ ከሰዓት አንዲት ሳሚ ሴት ዘንድ አሳለፍን። ሳሚዎች የዚያ አገር ቀደምት ሕዝብ ናቸው፤ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ይኖራሉ። ስዊድን ውስጥ ሬንዲር የማርባት መብት የነሱ ነው፤ 51 የአርቢ ማኅበራት አሏቸው። ስንት ሬንዲር አለሽ ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ ነውር ነው፤ የባንክ ደብተር አሳዪኝ እንደማለት ነው የሚቆጠረው። ከብት አርቢ ዘመድ ያለን ይሄ አይገርመንም። እሷ የነገረችን ከአእምሮዬ አልወጣም። በበረዶ ወቅት መሐል አየሩ ሞቅ ብሎ ዝናብ ይዘንባል፣ ተመልሶ ይቀዘቅዛል፣ መሬቱ በግግር ይሸፈናል። ሬንዲሮቹ በኮቴያቸው ቆፍረው ሳሩንና መሬት ላይ የሚበቅለውን ሽበት (ሊከን) ማግኘት ያቅታቸዋል። ያኔ መኖ ገዝቶ ማቅረብ ነው፤ ያውም ውድ ነው። ድርቅ ከብቱን ሲጨርስ ያየ ሰው ይሄን ወሬ በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው። ለዚህ ጉብኝት የከፈልነው ገንዘብ ምን ያህሉ እሷ ጋር እንደሚደርስ ጠየቅኳት፤ ዋጋውን ራሷ እንደምትተምን ነገረችኝ። ሌላ ድርጅት የምትመርጡም ከሆነ ይሄን ጠይቁ።

ብርሃኑስ? አየነው፣ ግን ሁሌ አይደለም። ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶች ከላይ ካለው አየር ጋር ሲጋጩ ነው የሚፈጠረው፤ አረንጓዴው ቀለም ኦክስጅን የሚሰጠው ነው። በዓይን ስታዩት ብዙ ጊዜ ከስልካችሁ ፎቶ ደብዘዝ ይላል፣ አንዳንዴም ነጭ ደመና ይመስላል። ሲበረታ ግን ሰማዩን ሙሉ ይንቀሳቀሳል፤ ያን ምሽት ከመሐላችን ያለቀሱ ነበሩ። በየምሽቱ ታያላችሁ የሚል ድርጅት ካለ አትመኑት። ስልካችሁን ከውስጥ ኪስ ያዙ፣ ባትሪው በብርዱ ወዲያው ይሞታል።

ወሩን በተመለከተ፣ ዲሴምበር አትሂዱ። ኪሩና አካባቢ ከዲሴምበር ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ፀሐይ አትወጣም፤ ሰማያዊ ጭላንጭል ብቻ ነው። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ ቀኑ ረጅም ነው፣ በረዶው ይበዛል፣ ሌሊቱም ለብርሃኑ በቂ ጨለማ አለው። ባቡሩን ደግሞ እንደ ሰዓት አትቁጠሩት። የብረት ማዕድን የሚያመላልሱት ባቡሮች የሚሄዱበት መስመር ነው፤ ዲሴምበር 2023 ላይ አንዱ ከሐዲዱ ወጥቶ መስመሩ ለሁለት ወር ያህል ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ጉዞው ከመጀመሩ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ፤ በተረፈው ቀን ኪሩና ወርዳችሁ በ2025 ሳትፈርስ በተሽከርካሪ ላይ ተጭና 5 ኪሎ ሜትር የተጓዘችውን ቤተ ክርስቲያን እዩ።

ዋጋው ከ20 ሺህ ክሮና በላይ ነው፣ ባቡሩን ሳይጨምር። ለብቻችሁ ክፍል ከፈለጋችሁ ይጨምራል፤ እኔ ተጋርቼ ነው ያደርኩት፣ ምንም አልጎደለብኝም። በመጪው ማርች ከዱባይ የምትመጣ እህቴን ይዤ ልመለስ ነው። የሸንገን ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ስለሚቻል ወረቀቷን ከአሁኑ እያዘጋጀን ነው፤ ጫማዋን ግን እኔ እዚሁ እገዛላታለሁ።